በቺንኩዌ ቴሬ ከካቡ እስከ በርሜሉ

ጣሊያን ውስጥ ከላ ስፔዚያ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ሄድ ሲባል ሪዮማጆሬ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። ከመንደሯ በላይ ገደሉ ላይ አያት፣ አባት፣ እናትና ልጅ አንድ ላይ የሚያለሙት የወይን እርሻ አለ። እኔ ወይን ልለቅም ሄጄ ካብ ካቢ ሆኜ ቀረሁ።

ሪዮማጆሬ ያለችበት የቺንኩዌ ቴሬ አካባቢ ሜዳ የሚባል ነገር የለውም። ወይኑ የሚበቅለው ሰው ተራራውን እየቆረጠ፣ ድንጋዩን እየካበ፣ ከኋላው አፈር እየሞላ በሠራው እርከን ላይ ነው። ካብ ተናደ ማለት ወይኑም ተከትሎት ወረደ ማለት ነው። መንዝ ላደገ ሰው ካብ ብርቅ አይደለም። አባትየው የተናደ እርከን ሥር ድንጋይ አገላብጬ ፊቱን ሳወጣ አዩኝና መቀሱን ተቀብለው መዶሻ ሰጡኝ።

መጀመሪያ የተናደውን እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ እጠርጋለሁ። ትልልቁን ድንጋይ ለብቻ፣ መካከለኛውን ለብቻ፣ ጠጠሩን ለብቻ አከማቻለሁ። ትልልቁ ለመሠረት ነው። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል፤ መጋጠሚያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከወጣ ካቡ እዚያው ላይ ይከፈታል። የድንጋዩ ረጅም ጎን ወደ ውስጥ ይገባል። ለዓይን እንዲያምር ብሎ ረጅሙን ጎን ወደ ውጭ የሚያዞር ሰው ለፎቶ እንጂ ለዝናብ አልካበም። ካቡ በሙሉ ወደ ተራራው ዘመም ይላል፣ ጀርባው በጠጠር ይሞላል። ሲሚንቶ የማይገባው ለወግ ተብሎ አይደለም። ዝናቡ በድንጋዮቹ መሃል ሾልኮ መውጣት አለበት፤ ውሃ ከኋላ ከታቆረ የሚገፋውን ግፊት ሲሚንቶም አይችለውም።

በ2011 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ላይ ጎርፍና ጭቃ ጎረቤቶቻችንን ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን ሲያጥለቀልቅ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሽማግሌዎቹ ዛሬም የሚያነሱት ከላይ ጠባቂ አጥተው የቀሩትን እርከኖች ነው። አካባቢው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የእኛዋ ኮንሶም በ2011 እ.ኤ.አ. በእርከኖቿ ተመዝግባለች። መዝገቡ ግን ድንጋይ አያነሳም።

ለቀማው መስከረም ላይ ነው። የባሕሩ ንፋስ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ቅጠሉን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ወይኑ ከመሬት ብዙ ባልራቀ ዳስ ላይ ተዘርግቶ ያድጋል። ለቃሚው ተንበርክኮ፣ አንዳንዴም በጀርባው ተንጋሎ ይቆርጣል። የጉልበት መከላከያ ሳይዝ የሚመጣ ሰው በማግስቱ ደረጃ አይወርድም። ሣጥኑን በጥርሳም አንድ ሐዲድ ላይ የምትንፏቀቅ ትንሽ ባለሞተር ባቡር ትወስደዋለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት በጫንቃ ነበር፤ አያትየዋ፣ ሁላችንም ኖና (በጣሊያንኛ ሴት አያት) የምንላቸው፣ ትከሻቸው እስከ ዛሬ አንድ ወገን ያዘነብላል።

አብዛኛው ፍሬ ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ ይሆናል። ምርጥ ምርጡ ዘለላ ግን ለሻኬትራ ይቀራል። ሻኬትራ ቦስኮ፣ አልባሮላና ቬርሜንቲኖ ከሚባሉ የወይን ዝርያዎች የሚጠመቅ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ነው። ዘለላው ንፋስ በሚያገኘው ጥላ ቤት መረብ ላይ እንዲደርቅ ይሰጣል፤ እስከ ኅዳር መግቢያ አይነካም። አይነካም ስል አይጨመቅም ማለቴ ነው እንጂ በየጊዜው እየዞርን የሻገተውን ፍሬ በመቀስ ጫፍ እናወጣለን፤ አንዱ ከሻገተ ጎረቤቱን ያስከትላል። ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ ጠረጴዛ ከቦ ፍሬውን ከግንዱ አንድ በአንድ በጣት ያላቅቃል። እዚህ ላይ ኖናን የሚቀድም የለም፤ ሳያዩ በጣታቸው ብቻ የከፋውን ይለዩታል። ከ100 ኪሎ ትኩስ ወይን የሚወጣው ጠጅ ከ30 ሊትር ብዙም አይዘልም። ከነልጣጩ ይፈላል፣ ከአተላው ይገለበጣል፣ በርሜል ይገባል። ቀለሙ እናቴ ለፋሲካ የምትጥለውን ጠጅ ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ ግን ምላስ ላይ ጨው ጨው ይላል።

በሕጉ መሠረት ደግሞ ከሚቀጥለው ዓመት ኅዳር በፊት ለገበያ አይወጣም። እስከዚያ ደመወዛችንን የሚከፍለው ነጩ ወይን ጠጅና ልጅቱ ለእንግዳ የምታከራያቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ሥራ ለምትፈልጉ አገር ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የጽሑፍ ውል ሳትይዙ አትጀምሩ፤ ቁልቁለቱ ላይ አንድ እግር ቢሸራተት ኢንሹራንስ የሚጠይቀው ወረቀቱን ነው። ስትጠየቁም ወይን መልቀም እችላለሁ ብቻ አትበሉ፤ ለቃሚ በመስከረም ሞልቷል፣ በጥር ዝናብ ካብ የሚጠግን ግን ሲፈለግም አይገኝም። ፎቶ ለመነሳት ካቡ ጫፍ ላይ የምትወጡ ቱሪስቶች ደግሞ፣ እባካችሁ ውረዱ።