ለአንድ በጋ ወደ አንታርክቲካ ለምትሄዱ፦ ከቪዛው እስከ ባሕሩ በረዶ

አሜሪካ ውስጥ የሚማሩ ወይም በላቦራቶሪ የሚሠሩ የሐበሻ ልጆች ከምርምር ቡድን ጋር ወደ ማክመርዶ ጣቢያ የመሄድ ዕድል ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ብርዱ ነው። ለብርዱ ልብስ ይሰጣል። ጉዞ የሚያበላሹት በአብዛኛው ወረቀት፣ ጥርስ፣ ላብና ችኮላ ናቸው፤ ስለነሱ ደግሞ በአማርኛ የጻፈ ሰው እምብዛም የለም።

ማክመርዶ በሮስ ደሴት ላይ፣ ከኤረበስ እሳተ ገሞራ ግርጌ ያለ የአሜሪካ ጣቢያ ነው። የሥራው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ስለሆነ ከአገር ቤት በጋ ጋር ይገጥማል። ጥቅምት ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ጥር ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

መንገዱ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች በኩል ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ይበቃዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን በተለመደው ደንብ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ግሪን ካርድ ይህን አይተካም። በአንታርክቲካ ፕሮግራም ለሚጓዝ የተለየ ደንብ ይኑር አይኑር አስቀድማችሁ ፕሮግራሙን ጠይቁ። ብዙዎች የሚስቱት ኒውዚላንድ ሁለት ጊዜ እንደሚገባ ነው፣ አንዴ ሲሄዱ፣ አንዴ ሲመለሱ። ስለዚህ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። የመመለሻው በረራ በአየር ጠባይ ምክንያት ሊገፋ ስለሚችል ቀኑ ላይ ትርፍ ሳምንታት ይጨመሩበት። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው የአሜሪካ ቪዛ ለመመለሻ የሚያገለግል መሆኑን፣ ከትምህርት ቤት የሚሰጠው ቅጽ ላይ ያለው የጉዞ ፊርማም ዓመት ያልሞላው መሆኑን አረጋግጡ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ መልስ የምትጠብቁ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው፤ አስቀድሞ የመውጫ ፈቃድ ሳይገኝ ከአሜሪካ መውጣት ጥያቄውን እንደ መተው ይቆጠራል። ጠበቃ ሳያየው ትኬት አይቆረጥ። ለዚህ አደጋ የሚበቃ ምርምር የለም።

ቀጥሎ ሐኪምና ጥርስ ሐኪም አለ። ጣቢያው ያለው ትንሽ ክሊኒክ ነው፤ ታማሚን ወደ ኒውዚላንድ ማውጣትም አየሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ የአካል ምርመራ፣ የደም ምርመራና የጥርስ ራጅ ታይተው ካላለፉ ጉዞ የለም። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ መሞላት አለበት። የጥርስ ኢንሹራንስ ሳይኖረን ዓመታት የምናሳልፍ ብዙ ነን፤ ለጥቅምት ጉዞ ግንቦትና ሰኔ ላይ መጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው። ውጤቱ ከተላከ በኋላ ተጨማሪ ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል፣ ያም ሳምንታት ይወስዳል።

ሻንጣው ላይ እናተኩር። ከእናት የተላከ በርበሬና ሽሮ ይዞ መሄድ የማይፈልግ የለም፤ የኒውዚላንድ ኳራንቲን ግን በዓለም ላይ ጥብቅ ከሚባሉት ነው። ማንኛውም ምግብ፣ የተፈጨ ቅመምም ሆነ ቆሎ፣ ቅጹ ላይ ይሞላል። ያስመዘገበ ሰው ቢበዛ ዕቃውን ይወሰድበታል። ሳያስመዘግብ የተገኘ እዚያው 400 የኒውዚላንድ ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ማር አይያዝ፣ አይገባም። የቤት ቅቤና ያልተቆላ ቡናም ይቅር። ተቆልቶ የተፈጨ ቡና፣ በሶና በደንብ የታሸገ ሽሮ፣ ስማቸውና ምንነታቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸው ቢያዙ ፍተሻው ይቀላል። ጫማም እንደዚያው ነው። ሶሉ ውስጥ የተሰነቀረ አፈርና የሣር ዘር ታጥቦ መውጣት አለበት። ለኒውዚላንድ ብቻ አይደለም፤ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈረመው የአንታርክቲካ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ባዕድ ዘርና ተባይ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ ይከለክላል። የጃኬት ኪስ፣ የቦርሳ ጥግና የሚያጣብቀው ማሰሪያ (ቬልክሮ) በወረንጦና በቫኪውም ይጸዱ፤ ዘር የሚደበቀው እዚያ ነው።

ልብሱ ክራይስትቸርች ላይ ይታደላል፦ ትልቁ ቀይ ካፖርት፣ የነፋስ ሱሪ፣ ወፍራም ቦት፣ መነጽር፣ ጓንቶች። ሁሉም እዚያው ይለካ፣ ዚፑ ሁሉ ይከፈት ይዘጋ። ቦቱ በሁለት ካልሲ ተለክቶ ጣቶች መንቀሳቀስ መቻል አለባቸው፤ የጠበበ ቦት ደም ስለሚያቆም ከሰፋው ይልቅ ጣትን በብርድ ያስጎዳል። ከዚያ በሲ-17 አውሮፕላን 5 ሰዓት ያህል፣ በኤልሲ-130 ደግሞ 8 ሰዓት ያህል ይበረራል። አውሮፕላኑ ግማሽ መንገድ ሄዶ በአየሩ ምክንያት ሊመለስ ይችላል። ሻንጣ ተጠፍሮ ስለሚጫን የጥርስ ብሩሽ፣ መድኃኒትና ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ።

ሜዳ ላይ ሰውን የሚያበርደው የገዛ ላቡ ነው። አካፋ ይዞ አመዳይ (ከሰማይ የወረደውን ለስላሳ በረዶ) የሚጠርግ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልበዋል፤ ሥራውን ሲያቆም እርጥቡ ልብስ ሙቀቱን ይወስድበታል። ስለዚህ ከሥራ በፊት፣ ገና ትንሽ ሲበርድ፣ ካፖርቱ ይውለቅ፤ ሥራው እንደቆመ ወዲያው ይለበስ። ከሥጋ ጋር የሚነካው ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ አይለቅም። ጋቢ ለመኝታ ክፍል ከማንኛውም ብርድ ልብስ ይበልጣል፣ ለሜዳ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ባሕሩ በረዶ እንውጣ። በማክመርዶ ሰርጥ የሚጠኑ ዓሦችም ሆኑ ከ1968 ጀምሮ በኤረበስ የባሕር ወሽመጥ የሚቆጠሩት የዌዴል ሲሎች (በበረዶው ላይ የሚያርፉ የባሕር አጥቢ እንስሳት) የሚገኙት እዚያ ስለሆነ፣ በውሃ ላይ በተዘረጋ በረዶ ላይ መንዳት ግድ ነው። ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ የተፈተሸ መንገድን ያሳያል። ጥቁር ባንዲራ አደጋ ነው፣ አይታለፍም።

ስንጥቅ ሲገጥም ተሽከርካሪው ራቅ ብሎ ይቆማል። አመዳዩ በአካፋ ከዳር እስከ ዳር ይጠረጋል፣ ምክንያቱም ከላይ የሚታየው መስመር እውነተኛውን ስፋት አይነግርም። በረዶው ተከፍቶ እንደገና ስለሚረጋ የእጅ ስፋት የምታክል መስመር ሥር ከሜትር በላይ ስስ በረዶ ሊኖር ይችላል። መሰርሰሪያው 5 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ ይከፍታል፤ ውሃ እስኪመጣ ድረስ ሜትር በሜትር ይቀጠላል። ከዚያ ጫፉ ላይ የብረት ዘንግ ያለበት ሜትር ይወርድና ሲሳብ ዘንጉ ከበረዶው ሥር አግድም ይይዛል፤ ያኔ ውፍረቱ ይነበባል። ከስንጥቁ መሃል ወደ ሁለቱም ጎን እየራቁ ይህ ይደጋገማል። ለብዙዎቹ ተሽከርካሪዎች የሚጠየቀው ውፍረት 30 ኢንች፣ ማለትም 76 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በታች የሆነው ክፍል ስፋት ተሽከርካሪው በጎማ ፈንታ ከሚሄድበት ሰንሰለት ርዝመት ሲሶ መብለጥ የለበትም። መሬት የሚነካው ሰንሰለት 3 ሜትር ከሆነ፣ ከ1 ሜትር በላይ የሆነ ስስ ቦታ ማለት መመለስ ነው።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። መሰርሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ቆሞ ከቆየ በረዶ ይዞት ይቀራል፤ ሳይቆም እየዞረ፣ ፍርፋሪውን እየጣለ ይውጣ። የመቀጠያው ፒን በደንብ ካልገባ ታችኛው ክፍል ባሕር ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛው የሰው ድካም ነው፦ ሁለት ቀዳዳ ለክቶ “ሌላውም ይህንኑ ያህላል” ማለት። ከኅዳር መጨረሻ በኋላ በተለይ በረዶው ስለሚሞቅ ውፍረቱ ሳይቀንስ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ የትናንቱ ልኬት ለዛሬ አይሆንም።

ከጣቢያው የሚወጣ ቡድን የሰው ብዛት፣ መድረሻና የመመለሻ ሰዓት በሬዲዮ ያስመዘግባል። ሰዓቱ ካለፈና ድምፅ ከሌለ ፍለጋ ይጀመራል። መዘግየት ከታየ ከሰዓቱ በፊት መደወል የሌሎችን ሕይወት ያድናል፤ ፈላጊዎቹ የሚወጡት በዚያው አየር ነው።

ደረቅ ሸለቆዎች በሚባሉት፣ በአብዛኛው በረዶ በሌለባቸው ሸለቆዎች ውስጥ የሚሰፍሩ ሌላ ልማድ ይጠብቃቸዋል። ሽንት በጠርሙስ፣ የዕቃ እጣቢም በበርሜል ተይዞ ይወጣል፤ አፈሩ ላይ አንድ ጠብታ አይደፋም። የሽንቱ ጠርሙስ ከመጠጫው በጨለማም በእጅ እንዲለይ ማሰሪያ ይደረግበት። አመዳይ ሲቀልጥ ድስቱ ሥር ትንሽ ውሃ ይቅደም፣ አለዚያ ድስቱ ያርራል። የምድጃው ቤንዚን በቅዝቃዜ አይረጋም፤ ባዶ እጅ ላይ ቢፈስ ወዲያው ቆዳን ያቆስላል፣ ሲቀዳ ጓንት ይለበስ። ድንኳን ዘግቶ ማብሰልም እንደ ከሰል ጭስ ይገድላል።

ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው እምነት እዚያ አይሠራም። ብርሃኑ ከበረዶው ስለሚነጥር ከአፍንጫ ሥርና ከአገጭ በታች ሳይቀር ቅባት ይቀባ፣ መነጽር አይውለቅ። ጀንበር ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ለአራት ወር ያህል አትጠልቅም። ሙስሊም ወገኖች የሶላቱን ሰዓት በመካ ወይም በቅርብ ከተማ አቆጣጠር ለመያዝ ከመሄዳቸው በፊት ኢማማቸውን ይጠይቁ። የነቢያትን ጾም የሚጾሙ ደግሞ ሜዳ ላይ ሰውነት ከለመደው በላይ ምግብ እንደሚጠይቅ አውቀው ለውዝ፣ የለውዝ ቅቤና ዘይት በብዛት ለቡድኑ የምግብ ዝርዝር ያስገቡ፤ ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ሱቅ የለም።

የጣቢያው ሰዓት የኒውዚላንድ ነው፤ በዚህ ወቅት ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት ይቀድማል። በገና ዕለት ቤተሰብ ከቅዳሴ ተመልሶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሲፈስክ፣ ማክመርዶ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። ከእራት በፊት ለመደወል ይደርሳል።