የቆርኪው ክርክር

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም በማይርቅ አፀደ ሕፃናት አምስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች አስተምራለሁ። ልጆቼ እስከ ሃምሳ ይቆጥራሉ። በአንድ ድምፅ፣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ! ወላጅ ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ጉዱ የሚታየው አንዱን ለብቻው ስትጠሩት ነው። ስምንት ቆርኪ ዘርግታችሁ «ቁጠር» በሉት። አፉ ይሮጣል፣ ጣቱ ይቀራል። አንዱን ቆርኪ ሁለቴ ይነካል፣ ሌላውን ይዘላል። በትክክል የጨረሰውንም «እሺ፣ ስንት ነው?» ስትሉት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሮሼል ጌልማን እና ራንዲ ጋሊስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 እነዚህን ነገሮች ለያይተው አሳይተዋል። ቅደም ተከተሉን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ መስጠት ሌላ ነው። መጨረሻ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን መረዳት ደግሞ ሌላ ነው። የኛ ጩኸት የሚያለማምደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ስለዚህ በረንዳው ላይ በጠመኔ አሥር ሳጥን አሰመርኩ። ልጆቹ ገና ሲያዩት «ሰኞ ማክሰኞ!» አሉ። ይሄኛው ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ከ1 እስከ 10 ተጽፎበታል። ዳይስ ስለሌለን ቆርኪ እንወረውራለን። በጀርባው ከተኛ አንድ እርምጃ፣ ከተደፋ ሁለት። ሐሳቡ ከኔ አልፈለቀም። ጊታ ራማኒ እና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ቁጥር በተጻፈበት ሰሌዳ የተጫወቱ ሕፃናት የቁጥር ዕውቀታቸው ተሻሽሏል። ያንኑ ጨዋታ ቀለም ብቻ ባለው ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ያን ለውጥ አላሳዩም። እናም ጠመኔ ቢያልቅባችሁ እንኳ ቁጥሮቹን አትተዉ።

በሁለት ቡድን ከፍዬ አሰለፍኳቸው። አንዱ ልጅ አራት ላይ ቆሟል። ቆርኪው ተደፋ፤ ሁለት ማለት ነው። ልጁ የቆመበትን ሳጥን ረገጥ አድርጎ «አንድ» አለ። ወደ አምስት ተሻግሮ «ሁለት» ብሎ ቆመ።

የገዛ ቡድኑ ጮኸበት። «አንዷን በላሃት!» ተቃራኒዎቹ ደግሞ «ልክ ነው! ልክ ነው!» እያሉ ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩለት። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ልጁ ወደ ኋላ በቀረ ቁጥር የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ይህን ማወቃቸው ገረመኝ። ሁሉም «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ ፍርድ ጠየቁኝ። እኔም «እስቲ ጨዋታው ይቀጥል» አልኩ።

ተራው ሲደርሰው ቆርኪው በጀርባው ተኛ። አንድ። ልጁ እንደ ልማዱ የቆመበትን ረግጦ «አንድ» አለ። አለቀ። እዚያው ነው ያለው። ሳጥኑን አየ፣ ቆርኪውን አየ። «ቲቸር፣ አልሄድኩም እኮ» አለ።

ከቡድኑ አንዲት ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ፣ «ያ ድሮ ተቆጥሯል! ዝለል!» አለችው። ዘለለና ስድስት ላይ ቆመ። ተቃራኒዎቹ እንኳ የሚሉት አጡ። እኔ ገና በመጀመሪያው «ከቀጣዩ ሳጥን ጀምር» ብለው ኖሮ እሺ ይለኝና በማግስቱ ይረሳው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ ጨመርኩ። የሚጠራው እርምጃው ሳይሆን የሳጥኑ ቁጥር ነው። ከአራት የተነሳ «አምስት፣ ስድስት» ይላል። ይሄ ከባድ ነው። መሐል ላይ መጀመር አልለመዱም፤ አንዳንዶቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከአንድ ተነስተው ነው አምስት የሚደርሱት። ይድረሱ፣ አልቸኩልም።

የዚያች ልጅ አባት ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ሊወስዳት መጥቶ ጠመኔውን አየና «መምህርት፣ ሰኞ ማክሰኞማ ሰፈርም አለ» አለኝ። ቀጥሎ ልጁን «እስከ ስንት ትቆጥሪያለሽ?» አላት። «እስከ ሃያ» አለች። «ድሮ ሃምሳ አልነበር እንዴ!»

እኔም የቆርኪውን ጣሳ ሰጠሁትና «ዘጠኝ ስጪኝ ይበሏት» አልኩት። አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ዘጠኝ ላይ ቆመች። «ስንት ነው?» ሲላት ወደ ቆርኪው እንኳ ሳታይ «ዘጠኝ» አለችው። እሱ ግን ራሱ ቆጥሮ አረጋገጠ።

«ጥሩ ነው» አለ ባጃጁን እያስነሳ። «ሃምሳው ግን እንዳይቀር፣ አደራ።»

አልቀረም። ሰኞ ሰኞ እንጮኻለን።