ሆዱ በሰፊው ሳይከፈት

የእግዚአብሔር ስም ይባረክ። የምንመሰክረው ስለ አንድ ወንድማችን ነው፤ ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 98 ኪሎ፣ ቢኤምአይው (ክብደት ከቁመት አንጻር የሚለካበት ቁጥር) 36፣ ካንሰሩ ደግሞ ከፊንጢጣ ጫፍ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ሬክተም (የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ውስጥ። በቀዶ ጥገና ክፍል የምንሠራ ሰዎች ነንና የሚያስፈራው የቱ ጋ እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ "በሰላም ያውጣው" ብለን በደፈናው አልጸለይንም፤ ቦታ ቦታውን እየጠራን ለመንን።

መጀመሪያ ስለ ትንፋሹ። ካንሰሩ የሚወጣው በላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች ነበር፤ ለዚህም ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያ አንጀቱ ከዳሌ እንዲሸሽ አልጋው በራስ በኩል ወደ ታች ይዘቀዘቃል። ወፍራም ሰው ላይ የሆድ ስቡና ጋዙ ተደርበው ድያፍራምን (ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ) ይገፋሉ፣ ሳንባ ይጨመቃል፣ ኦክስጅን ይወርዳል። አልጋው ቀና ሲደረግ ደግሞ አንጀቱ ተመልሶ ካሜራው ፊት ይዘረገፋል። እሱ ግን በ12 ግፊት፣ እንደተዘቀዘቀ፣ ኦክስጅኑ ከ95 በመቶ ሳይወርድ ቆየ። (ከሥሩ የማያንሸራትት ፍራሽ መኖሩም ቀላል ነገር አይደለም።)

ከሁሉ ያስጨነቀን ዳሌው ነበር። ሚዛን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ስቡ ጭንና ቂጥ ላይ የተከማቸበት ሰው ይቀላል። የእሱ ግን፣ ሲቲ ስካኑ እንዳሳየው፣ ሆድ ውስጥ ነው። የወንድ ዳሌ ጠባብ ነው፤ ሬክተሙን የሚያቅፈው ስብ፣ ማለትም ሜሶሬክተሙ፣ ሲወፍር ለመሣሪያም ለዓይንም ቦታ አይተርፍም። መቁረጫው መሄድ ያለበት በዚህ ስብና በዳሌው ግድግዳ መካከል ባለችው፣ የሸረሪት ድር በምትመስል ስስ ንብርብር ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ስቡ ይቦጨቅና ካንሰር ሊቀር ይችላል። ወደ ውጭ ከወጣ የሽንትና የወንድነት ነርቮች ይጎዳሉ፤ ከኋላ ደግሞ ሳክረም (የጀርባ አጥንት ታችኛው ክፍል) ላይ ያሉት ደም ሥሮች ከተነኩ ደሙን ማቆም ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ተስፋ ተቆርጦ ሆድ የሚከፈተው እዚህ ነው። ጌታ ይመስገን፣ ስቡ ወደ ላይ ሲሳብ ንብርብሯ ነጭ ሆና እስከ ታች ድረስ ተከፈተች። አምስት ሰዓት ፈጀ።

የፓቶሎጂው (የወጣው አካል በላቦራቶሪ የተመረመረበት) ውጤት ሜሶሬክተሙ ሳይቦጨቅ መውጣቱን ገለጸ። ካንሰሩ ከተቆረጠው ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ቢሆን ነበር የሚያሰጋው። የተመረመሩት ንፍፊቶች 16 ናቸው፤ ቢያንስ 12 ይፈለጋል።

ሦስተኛው ልመናችን ስለ መጋጠሚያው፣ ማለትም ካንሰሩ ከወጣ በኋላ የአንጀቱ ሁለት ጫፎች ስለሚገናኙበት ቦታ ነበር። ወፍራም ሰው ላይ የአንጀቱ ማንጠልጠያ ስብ አጭርና ከባድ ስለሚሆን ስፌቱ ይወጠራል፣ ደም ያንሰዋል፣ ሊያፈስም ይችላል። ዳሌው ውኃ ተሞልቶ በፊንጢጣ አየር ሲነፋ አንድም አረፋ አልወጣም። ጊዜያዊው ስቶማ (ሰገራ በሆድ ላይ የሚወጣበት የአንጀት ቀዳዳ) ከእምብርት በላይ ወጣለት፤ እዚያ ስቡ ስለሚሳሳ ወደ ውስጥ አይሰምጥም፣ ራሱም እያየ ያጸዳዋል።

የአንዱ ቁስል ጠርዝ አመርቅዞ ነበር፤ ይህን አንደብቅም። ለደም መርጋት መከላከያ የሚሰጠውን መርፌ 28 ቀን ተወጋ። በሦስተኛው ወር መጋጠሚያው በራጅ ታይቶ የማያፈስ ሆኖ ተገኘ፣ ስቶማውም ተዘጋ። ተመስገን።