የሩፋኤል ዝናብ፣ ቨርጂኒያ ተራራ ላይ

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ሁለት ዓመት አቆይቼዋለሁ። እናቴ ብትኖር ኖሮ «የመልአክ ዕዳ ይዘሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» ትለኝ ነበር። ዝክሩን ባለፈው ዓመት አድርሻለሁ። የቀረኝ በአደባባይ መመስከሩ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ሥራ እሠራለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ላይ ስታርፍ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር። ከአሜሪካ ብወጣ መመለስ አልችልም። ስለዚህ አልቀበርኳትም። አንድ እሑድ በማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የማኅበራችን ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። ምንም ሳይናገሩ ገባኝ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ሁሉ አለቀሰልኝ። እኔ ግን እንባ እምቢ አለኝ። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። አይወጣም። ስምንት ወር እንደዚያው ሆንኩ። ጸሎቴም አብሮ ደረቀ። ውዳሴ ማርያም እከፍታለሁ፣ አንድ ገጽ ሳልጨርስ እዘጋዋለሁ። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም።

መራመድ ብቻ ያስታግሰኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እሄዳለሁ። አብራኝ የምትሠራ ነርስ ይህን አይታ ስለ አፓላቺያን ትሬይል ነገረችኝ። ጆርጂያ ውስጥ ከስፕሪንገር ተራራ ይነሳል፣ ሜይን ውስጥ ካታህዲን ተራራ ላይ ያበቃል። 14 ስቴት ያቋርጣል። ርዝመቱ ከ2,190 ማይል በላይ ነው፣ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1921 ቤንተን መካይ የሚባል ሰው ሐሳቡን አቀረበ፣ በ1937 መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተገናኘ። ከሁሉም ስቴት ረጅሙ ክፍል የእኛው የቨርጂኒያ ነው፣ 550 ማይል ገደማ። ከዚህም 100 ማይል ያህሉ በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፋል።

ሼናንዶዋን ሐበሻ ያውቀዋል። ቅጠሉ ሲቀላ ስካይላይን ድራይቭ ላይ መኪና አቁመን ፎቶ የምንነሳበት ቦታ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ተነስቻለሁ። ያ ረጅም መንገድ ግን መኪናዬን ካቆምኩበት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ እንደሚያልፍ አላውቅም ነበር። ዛፍ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ የእጅ መዳፍ የማያክል፣ ቀጭን። ነጩን እየተከተልክ ትሄዳለህ። ሰማያዊ ካየህ የጎን መንገድ ነው።

በጳጉሜን አራት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። በአሜሪካ ገና ሰመር ነው፣ ሙቀቱም አልበረደም። ከሮክፊሽ ጋፕ ተነስቼ ስዊፍት ረን ጋፕ ልደርስ ነው፣ 46 ማይል ገደማ። በዋዜማው፣ ጳጉሜን 5፣ ጓደኛዬ መጥታ ትወስደኛለች። አዲስ ዓመትን ቤቴ ልቀበል። የቤተ ክርስቲያን እናቶች «ብቻሽን? ድብ ባለበት ጫካ?» ብለው ፊታቸውን አማተቡብኝ። ልባቸው ያየውን ነበር የተናገሩት።

በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዝኩ። ድንኳን፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የዝናብ ልብስ። ሻንጣዬ 14 ኪሎ መዘነ። ጳጉሜን 2 ጉዞ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። ካፍ ማውንቴን በሚባለው መጠለያ አደርኩ። ሦስት ግድግዳና ጣራ ብቻ ያለው ነው፣ ፊቱ ክፍት። ምግቤን ድብ እንዳይደርስበት ረጅሙ የብረት ምሰሶ ላይ ሰቀልኩ። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ጉጉት ስትጮኽ ሰማሁ፣ ግን ተኛሁ።

በማግስቱ እስከሚቀጥለው መጠለያ፣ እስከ ብላክሮክ፣ 13 ማይል ነው። መንገዱ የተራራውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል፣ ውሃው ግን ታች ሸለቆ ውስጥ ነው። ደረቅ ቦታ መሆኑን አንብቤ ነበር። ሆኖም የያዝኩት ሁለት ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ትከሻዬም ከትናንት ጀምሮ ቆስሏል። መንገድ ላይ እሞላለሁ ብዬ ነው። ተስፋ ያደረግኩበት ምንጭ ጋ ስደርስ ያገኘሁት እርጥብ ቅጠልና ጭቃ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሞላ ውሃዬ አለቀ።

እዚህ ጋ ያጠፋሁትን ልናገር። ስካይላይን ድራይቭ ቅርብ ነበር። የመኪና ድምፅ ይሰማኛል። ዳር ወጥቼ አንዱን መኪና አቁሜ «ውሃ ስጡኝ» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። የማላውቀውን ሰው ውሃ መለመን ከበደኝ። በእሱ ፈንታ ካርታ አወጣሁ። ሪፕራፕ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ጅረት አለ፣ ሰማያዊው ምልክት ወደዚያ ይወርዳል። ነጩን ትቼ ሰማያዊውን ተከተልኩ። ወንድም እህቶቼ፣ የምትራመዱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ውሃ መለመን አያሳፍራችሁ፤ ለምኑ።

በዚያ መንገድ ላይ ካልቫሪ ሮክስ የሚባሉ ዐለቶች አሉ። ካልቫሪ ማለት ቀራንዮ ነው። ስሙን ካርታው ላይ ሳነብ አማተብኩና አለፍኩ። ከዚያ ቺምኒ ሮክን አልፎ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድንጋያማ ነው። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ዓይኔ ጅረቱን ነው የሚፈልገው። አንድ ድንጋይ ከእግሬ ሥር ተንከባለለ። ቁርጭምጭሚቴ ሲጮኽ በጆሮዬ ሰማሁት። ሻንጣዬ ጎትቶ ጣለኝ።

ልነሳ ስል እግሬ አልረገጠም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ፊሽካዬን ሦስት ሦስት ጊዜ ነፋሁ። የሥራ ቀን ነው፣ ማንም የለም። በሶ አፌ ውስጥ አደረግኩ፣ ያለ ውሃ ጉሮሮዬ ላይ ተጣበቀ፣ ተፋሁት። ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ላቤ መውረዱን አቆመ። ራሴ ይፈልጠኛል፣ በዚያ ሙቀት ቆዳዬን ብርድ ብርድ ይለዋል። በሥራዬ ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ላይ ሳየው ሮጬ ነርስ የምጠራበት ነው። አሁን የምጠራው ሰው የለም።

ማዕተቤን ያዝኩ። ረጅም ጸሎት አልመጣልኝም። አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ መሐሉን ሳትኩት። «ጌታዬ፣ ውሃ» አልኩ። «ጌታዬ፣ ውሃ ስጠኝ።» ከስምንት ወር በኋላ ከልቤ የወጣው የመጀመሪያ ጸሎት ይህ ነው። ሁለት ቃል ነበር።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ነፋስ መጣ። ቅጠሎቹ ተገልብጠው ነጭ ጀርባቸውን አሳዩ። ከዚያ ነጎድጓድ። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው። ዛፍ ሥር ነኝ፣ መብረቅ ይመታኛል ብዬ። ውሃ ስለምን የታሰበኝ ጅረት ነበር፣ ሰማይ አልነበረም። ትልልቅ ጠብታ ድንጋዩን መታው። የመሬቱ ሽታ ተነሳ። እየተንፏቀቅኩ የዝናብ ልብሴን አወጣሁና በሁለት ድንጋይ መሐል ዘረጋሁት። መሐሉ ጎደጎደ። ውሃ ያዘ። አፌን ደፍቼ እንደ ጥጃ ጠጣሁ።

ጠጥቼ ቀና ስል የስልኬን ሰዓት አየሁ። ሴፕቴምበር 8 ይላል። በጣቴ ቆጠርኩ። ጳጉሜን 3 ነው። ሩፋኤል!

ያደግሁት ጉለሌ ነው፣ ከሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ። በዚያ ቀን ከዘነበ ዝናቡ ጸበል ነው። እናቴ ልብሳችንን አስወልቃ ግቢ ታወጣናለች። «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያልን እንጮኻለን፣ እንዘላለን። ከቤት ክዳን የሚወርደው ውሃ ጭንቅላታችን ላይ ይፈሳል። እሷ ደግሞ በሳህን ትቀበልና ቡሃቃው ውስጥ፣ ሊጡ ላይ፣ ጠብ ታደርገዋለች። ለበረከት። ከዚያ በእርጥብ እጇ ግንባሬን ታብሰኛለች።

እጇን ግንባሬ ላይ አገኘሁት። ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም። «እማዬ» አልኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ። በአሜሪካ ሰው እንዳይሰማ ተብሎ የሚለቀሰው ዓይነት አይደለም። እንደ አገሬ ለቅሶ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ ስሟን እየጠራሁ፣ እያወረድኩ አለቀስኩ። ያልቀበርኳትን እናቴን እዚያ ሸለቆ ውስጥ አለቀስኳት። ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔም አላቆምኩም። ሲያልቅልኝ ደረቴ ቀለለኝ። ስምንት ወር የተሸከምኩት ነገር ሄዷል።

ከዚያ በኋላ ነው ብርዱ የመጣው። በስብሻለሁ፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ሊመሽ ነው። የተሳልኩት ያኔ ነው። «ቅዱስ ሩፋኤል ሆይ» አልኩት፣ «በግብፅ እስክንድርያ፣ በዓሣ አንበሪው ጀርባ ላይ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያንህ ስትናወጥ ሕዝቡ ጮኸ፣ አንተም ደረስክላቸው። እኔም ከሌላዋ አሌክሳንድሪያ ነኝ። ድረስልኝ። ከዚህ ብታወጣኝ ዝክርህን እዘክራለሁ፣ ያደረግህልኝን በአደባባይ እመሰክራለሁ።»

መጀመሪያ የደረሰችልኝ ውሻ ናት። ቡናማ፣ ጆሮዋ የተንጠለጠለ፣ በውሃ የራሰች። ከታች በኩል መጥታ አፍንጫዋን ጉንጬ ላይ አደረገች። ከኋላዋ አንድ ነጭ አዛውንት ገመዷን ይዘው ብቅ አሉ።

ብዙ አልተናገሩም። እግሬን አዩ፣ ከቦርሳቸው ፋሻ አውጥተው ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ደረቅ ሹራብ አለበሱኝ። ሻንጣዬን እሳቸው ተሸከሙ። ክንዴን ትከሻቸው ላይ አድርገው «በቀስታ» አሉኝ። መኪናቸው እስካለበት ሁለት ማይል ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ካልቫሪ ሮክስ ላይ ስናርፍ ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ ከሸለቆው ነጭ ጉም እየተነሳ። እዚያ ነው የነገሩኝ። ይህን ዙር ለዓመታት ሄደውበታል፣ ሁልጊዜም በአንድ አቅጣጫ፣ በሪፕራፕ ወርደው በሌላው በኩል ይወጣሉ። እንደ ልማዳቸው ቢሆን ጠዋት እኔ ሳልደርስ ያልፉት ነበር። በዚያ ቀን ግን ውሻዋ ገመዷን ስባ ወደ ሌላው በኩል ወሰደቻቸው። «አልታዘዝ አለችኝ፣ ተከተልኳት» አሉኝ።

ሆስፒታል አደረሱኝ። አጥንቴ አልተሰበረም፣ ጅማቴ ነው የተጎዳው። በደም ሥሬ ፈሳሽ ሰጡኝ። ሐኪሟ «ሌሊቱን እዚያ ብታድሪ ኖሮ» አለችና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ጓደኛዬ እስክትመጣ አዛውንቱ ከእኔ አልተለዩም። ከዚያ ውሻዬን ላብላ ብለው ሄዱ።

እኒያ ሰው መልአክ ናቸው አልልም። ሰው ናቸው። መኪናቸው ውስጥ የውሻ ጠጉርና የቡና ኩባያ ነበር። የላካቸውን ግን አውቃለሁ። በቨርጂኒያ በሙቀት ወራት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው የሚለኝም አለ። ልክ ነው፣ የተለመደ ነው። እኔ ግን በለመንኩበት ሰዓት፣ በሩፋኤል ቀን፣ ከተቀመጥኩበት ሳልንቀሳቀስ ጠጥቻለሁ። ይህን መካድ አልችልም።

ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ስነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ውሻ ነበራቸው ነው ያልሽው?» አዎ አልኩ። «መጽሐፈ ጦቢትን እንደገና አንብቢ።» አነበብኩ። ጦቢት ልጁን ጦብያን ሩቅ አገር ሲልከው የመንገድ ጓደኛ ይፈልግለታል። ቅዱስ ሩፋኤል በሰው አምሳል መጥቶ አዛርያ ነኝ ይላል፣ አብረው ይወጣሉ። የልጁ ውሻም ተከትሎ ይሄዳል። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ውሻውን ግን አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጳጉሜን 3 ዝክሩን በቤተ ክርስቲያናችን አደረስኩ። በሳምንቱም የቀረኝን መንገድ ሄጄ ጨረስኩ፣ አራት ሊትር ውሃ ተሸክሜ። ትከሻዬ ቆስሏል፣ ግድ የለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ቀን ከዝናብ ልብሴ ላይ ያጠራቀምኩትን ውሃ ሁሉንም አልጠጣሁትም። ግማሽ ሊትር ያህል በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ተርፎ ከእኔ ጋር ቤት ገባ። በዋዜማው ማታ፣ እግሬ በፋሻ እንደታሰረ ወንበር ላይ ተቀምጬ የአዲስ ዓመቱን ድፎ ዳቦ አቦካሁ። ጠርሙሱን ከፈትኩና ሊጡ ላይ ጠብ አደረግኩት።