ሊስትሮው ቦታ ቀየረ

ዛሬ በምሳ ሰዓት ጫማ ላስጠርግ ወጣሁ። ደንበኛዬ ከሕንፃው ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር የለም። ዞሬ ሳይ ለካ በጀርባ በኩል ተቀምጧል።

«ምነው፣ ጥበቃው አባረረህ እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ፀሐይዋ ናት ያባረረችኝ!»

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይሻገራል፣ ነሐሴ ሲያልቅ ይመለሳል። ጫማዬን ሲጨርስ የድሮ ቦታው ወስዶ መሬቱን አሳየኝ። የቀትር ጥላ የደረሰበትን በጫማ ቀለም አስምሮበታል። ቡናማው መስመር የታኅሣሥ ነው፣ ከግድግዳው ራቅ ይላል። ጥቁሩ የመጋቢት ነው፣ ግድግዳው ሊነካ ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲያ መስመር የለም። ጥላው ራሱ ወደ ደቡብ ዞሯላ!

ነገሩ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ናት። ምድር 23.4 ዲግሪ ያህል ስላዘመመች፣ የቀትር ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ አናታችን ላይ ትደርስና ወደ ሰሜን ታልፋለች። ሰኔ 14 ገደማ 14 ዲግሪ ያህል ርቃ ትመለሳለች።

እኔ እቴ፣ «በምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ ትገባለች» ብዬ ብቻ ነው ያደግኩት። ዘንድሮ ሰኔ 14 ቀትር ላይ ጥላዬን ልለካ ነው። ክረምቱ ከፈቀደ ማለቴ ነው።