ላብ የሌለበት ፊት

ፎቶ ቤቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ጉርድ ፎቶ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። የትግል ቡድን ማንሳት የጀመርኩት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ስለጠየቀኝ ነው። ልጆቹ ስፖንሰር የላቸውም። ፎቷቸውን ካላንደር ላይ አሳትመን ለነጋዴው ብንሸጥ፣ ለትራንስፖርትና ለባነር የሚሆን ገንዘብ እናገኛለን አለኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁበት።

ድሬ የኳስ ከተማ ናት። ትግል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ገጠር ውስጥ በበዓል ቀን ጎረምሶች ሜዳ ላይ ሲተናነቁ ነው። ነፃ ትግል ግን ሕግ አለው። መታገያው 9 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው። አዋቂዎች 3 ደቂቃ ታግለው 30 ሰከንድ ያርፋሉ፤ ከዚያ ሌላ 3 ደቂቃ። የተጋጣሚውን ሁለት ትከሻ አንድ ላይ ምንጣፉ ላይ ያጣበቀ ወዲያው ያሸንፋል። በ10 ነጥብ የበለጠም እንዲሁ። እና ሁሉም የሚታገለው ከክብደት እኩያው ጋር ነው። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ።

ለፎቶ አንሺ ሥራው ከባድ ነው። ፍላሽ አይበራም፤ የልጆቹን ዓይን ያጭበረብራል። ሹተሩን፣ የካሜራውን መዝጊያ፣ 1/500 ሰከንድ ላይ ካላደረጉት አንዱ ሌላውን አንስቶ ሲጥል እጅና እግሩ ይደበዝዛል። 1/500 ላይ ሲያደርጉት ደግሞ የአዳራሹ የድሮ ፍሎረሰንት ያስቸግራል። የእኛ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚል፣ አንዱ ፎቶ ደምቆ ቀጣዩ ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህ በሩን ወለል አድርጌ አስከፍትና በቀን ብርሃን እሠራለሁ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ዳር በሆዴ እተኛለሁ። ቆመው ካነሱት የሚታየው ጀርባና ጭንቅላት ብቻ ነው። ከታች ሲሆን ግን ፊት ይገኛል። ከጎን የሚገባው የበር ብርሃን ደግሞ ላብ ያረፈበትን ቆዳ ሁሉ ያብለጨልጨዋል። ለትግል ፎቶ ከዚህ የበለጠ ውበት የለም።

ግንቦት ውስጥ ነው፤ ውድድር ደርሷል። ቀኑ ሐሙስ ነበር። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውጭው ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚሆን አስቡት። ልጆቹ ውሃ የተደፋባቸው ይመስላሉ። በእረፍት ሰዓት ያነሳሁትን በካሜራዬ ስክሪን እያገላበጥኩ ሳይ አንድ ልጅ ላይ ቆምኩ። የሁሉም ግንባር ያበራል፤ የእሱ አያበራም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሰኞ ያነሳሁትን ፈልጌ አወጣሁ። የሰኞው ልጅና የሐሙሱ ልጅ ወንድማማቾች እንጂ አንድ ሰው አይመስሉም።

መምህሩን ጠራሁት።

«ይህን ልጅ እየው እስቲ። ላብ የለውም።»

«አቦ፣ ጎበዝ ስለሆነ ነው። እሱ አይደክመውም።»

«ጎበዝ አያልበውም እንዴ? ሌሎቹን እይ። አሁን ደግሞ ሰኞን እይ።»

ሁለቱን ፎቶዎች እያቀያየርኩ አሳየሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ ፊሽካውን ነፍቶ ልምምዱን አስቆመ።

ልጁ ቱታውን ሲያወልቅ ከሥሩ የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ ለብሷል። «58 ኪሎ ነኝ ቲቸር፣ 55 መግባት አለብኝ» አለ። ቃሉን ለማውጣት ምላሱ እንኳ እሺ አላለውም። በ55 እና በ60 መካከል ሌላ ምድብ የለም። 60 ውስጥ ደግሞ ከእሱ የሚበረታ የቡድኑ ልጅ አለ። 55 ካልገባ ከቡድኑ እንደሚቀር አስቧል። ማንም አድርግ አላለውም፤ ከታላላቆቹ ሰምቶ፣ ስልክ ላይ አይቶ ነው። ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም።

ጥላ ውስጥ አስተኛነው። ፕላስቲኩን ገፈን አንገቱና ብብቱ ሥር እርጥብ ፎጣ አደረግን። ባጃጅ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ትግሉ አልነበረም። «ሽንት የሸናኸው መቼ ነው?» አለችው። «ትናንት ማታ።» ወዲያው ግሉኮስ ሰቀለችለት። በኋላም ለቤት የሚሆን ኦአርኤስ፣ እናቶች ለምለም የሚሉትን፣ ሰጥታ ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ፣ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች ልክ እንዲህ ክብደት ሲቀንሱ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። ላብ የሚያስወጣ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ እየሠሩ። ከዚያ ነው ልብሱም ሳውናውም የተከለከለው፤ የሚዛኑም ሰዓት ወደ ግጥሚያው የተጠጋው። እነሱ ክፍሉን ሆን ብለው ማሞቅ ነበረባቸው። እኛ ዘንድ ግንቦት ራሱ ያሞቀዋል። ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላብ የሚሆን ውሃ ሲያልቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ድሬ ውስጥ ፕላስቲክ ለብሶ መሮጥ በምንም ሰበብ መፈቀድ የለበትም።

አንድ የሙያ ጓደኛዬ «አንተ የተጠራኸው ለፎቶ ነው፤ ልጁ አሰልጣኝ አለው» አለኝ። አልተስማማሁም። አሰልጣኙ የሚያየው እግርና እጅን ነው፣ አያያዝን፣ አጣጣልን። ሃያ ምናምን ልጅ በአንዴ ይጠብቃል። ፊታቸውን አንድ በአንድ አቅርቦ፣ ከሳምንት ሳምንት እያስተያየ የማየት ዕድል ያለው ፎቶ አንሺው ነው። ያየሁትን ካልተናገርኩ ቡድኑን ደገፍኩ ማለት አልችልም።

እናቱ ሱቄ ድረስ መጣች። «ለቲቸሩ ያሳየኸውን አሳየኝ» አለች። ሁለቱን ፎቶ አየች፤ ብዙ ቆየችበት። «ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ ይለኝ ነበር» አለችኝ። «ልጄ ለዲኑ በረታ ብዬ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።» ፎቶዎቹን ካላንደሩ ላይ እንዳላወጣቸው ለመነችኝ። ሳትለምነኝም አላወጣቸውም ነበር። እሷ እያየች አጠፋኋቸው።

ልጁ በዚያ ውድድር አልተሳተፈም። አኮረፈ፣ ለጥቂት ቀን ሰላምታም ነሳኝ። ከክረምቱ በኋላ 60 ውስጥ ገባ። ያንን የሚበረታውን ልጅ እስካሁን አልጣለውም፤ ግን እግሩን ጠልፎ ነጥብ መውሰድ ጀምሯል። የጠለፈባትን ቅጽበት አግኝቻታለሁ፣ ግንባሩ በላብ ታጥቦ።

ካላንደሩ ከዚራም መጋላም ተሸጠ። ባነሩ ቀረ። በገንዘቡ ሚዛን፣ ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜልና ምንጣፉን የሚያጸዱበት መድኃኒት ተገዛ። መምህሩ አሁን የሁሉንም ክብደት በየሳምንቱ ደብተር ላይ ይጽፋል። ድንገት የቀነሰ ልጅ ካለ ወላጁን ያስጠራል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ቱታውን ከፍቶ ያሳያል፤ ፕላስቲክ የለበሰ ያን ቀን ምንጣፉን አይረግጥም።