ከጋሼ ጋር የማያልቅ ክርክር

ደብሊን ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከምረዳቸው አንዱ ሰማንያን የተሻገሩ አየርላንዳዊ ናቸው፤ በልቤ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ወጣትነታቸው ለንደን ውስጥ ሲሚንቶ ሲያቦኩ አልፏል። ሻይ ባቀርብላቸው ዘፈን ካልተከፈተ አይቀምሱም። የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃ የለመድኩት ከእርሳቸው ጋር እየተከራከርኩ ነው።

ክርክራችን የአየርላንዳዊው ዘፋኝ የክሪስቲ ሙር የመጀመሪያ አልበም የቱ ነው የሚል ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1945 ኪልዴር ግዛት የተወለደ፣ የባንክ ጸሐፊ የነበረ ነው። በ1966 የባንክ ሠራተኞች ለ12 ሳምንታት አድማ ሲመቱ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ ቀን በግንባታ ቦታ ጉልበቱን እየሸጠ ማታ ማታ ይዘፍን ጀመር። «ፓዲ ኦን ዘ ሮድ» የተሰኘው የበኩር አልበሙ በ1969 የወጣው እዚያው በስደት ሳለ ነው። የታተመውም 500 ቅጂ ብቻ ነበር።

«አልበም ማለት እርሱ ነው» ይላሉ ጋሼ። «ያን ጊዜ የእኛ የጉልበት ሠራተኞቹ ነበር። ኋላ የሁሉም ሆነ።»

እኔ ደግሞ እውነተኛው ጅማሬ «ፕሮስፐረስ» ነው ባይ ነኝ። ሙር አገሩ ገብቶ፣ በዚሁ ስም በምትጠራ የኪልዴር መንደር፣ በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ቀዳው፤ በ1972 ወጣ። ያጀቡትም የአገሩን ዜማ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ሊያም ኦፍሊን በክንዱ ሥር ወናፍ እየተጫነ የሚነፋውን የአየርላንድ ዋሽንት ይዞ፣ ዶናል ላኒና አንዲ አርቫይን የክር መሣሪያዎቻቸውን ይዘው። አራቱ ኋላ «ፕላንክስቲ» የተባለውን ታዋቂ ቡድን መሠረቱ።

ከዚህ አልበም «ስፓንሲል ሂል» የሚለውን ዘፈን ሁለታችንም ዝም ብለን እንሰማዋለን። ግጥሙ የማይክል ኮንሲዳይን ነው፤ ከክሌር ግዛት ተነሥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የገባ ስደተኛ። ዘፋኙ በሕልሙ አገሩ ይገባል። ቀኑ የስፓንሲል ሂል ገበያ ዋዜማ ነው። ጎረቤቶቹን ይጠይቃል፣ የሚወዳትን ልጅ ያገኛል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ልብስ ሰፊውን መጎብኘቱ ነው፤ ሱሪውን ይጠግንለት የነበረውን ኩዊግሊን። ስለ ስደት የሚዘፍን ሰው ብዙውን ጊዜ ተራራና ወንዝ ይጠራል፤ ይህ ግን ሱሪ ጠጋኙን በስሙ ጠራ። ስለዚህ አመንኩት። እኔም ደብረ ብርሃንን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ በራችን ፊት ለፊት የነበረው ልብስ ሰፊ ነው፣ አፉ ላይ መርፌ ይዞ ሲያሾፍብን። መጨረሻ ላይ ዶሮ ይጮኻል፤ ዘፋኙ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይነቃል።

አንድ ቀን እኔም እናቴ ደጃፍ ስደርስ የስልኬ ደወል ሁልጊዜ እንደሚቀሰቅሰኝ ነገርኳቸው። ሳቁ። «የእኔ ዶሮ የቤት አከራዬ ነበረች» አሉኝ፤ «ኪራይ ስትጠይቅ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል።»

በቅርቡ ያንን የ1969ኙን ሸክላ እንድንሰማው ጠየቅኳቸው። ከለንደን አንድ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወሩ ጠፍቶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ አልሰሙትም። እርሳቸው ከሃምሳ ዓመት በፊት በሰሙት፣ እኔ ጨርሶ ባልሰማሁት አልበም ነው የምንከራከረው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንቀጥላለን፤ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ብቻ ተስማምተናል።